ዝም ያለው ጣውላ

ገሰሰ ያን ቀን ጠዋት ከመኝታ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲያልፍ ኮሪደሩ መሐል ያለው ጣውላ ዝም አለው። ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር ያለውን ይህን ቤት ከተከራዩ ጀምሮ በረገጡት ቁጥር ሲጢጥ የሚል ጣውላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሲጢጥ፣ ልጃቸው ሃይሚ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሲጢጥ፣ ሚስቱ ተዋበች አረጋውያን ከምትጦርበት ከአልተንሃይም ሌሊቱን ሠርታ ጎህ ሲቀድ ስትገባ ሲጢጥ። ሳያስለፈልፈው ያለፈ ሰው የለም። ዛሬ ግን ጭጭ። ገሰሰ እግሩን አነሣና መልሶ ረገጠው፤ ተረከዙን አጥብቆ ሞከረው፤ ምንም የለም። ማታ ከሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ሲመለስ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲከራከር ስለገባ ልብ አላለውም ነበር። ቀና ሲል ተዋበች የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ቆማለች። የምታየው ፊቱን አይደለም፣ እግሩን ነው። ዓይናቸው ሲጋጠም ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ወደ ምድጃው ዞረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ያልፍ ነበር። የገሰሰ እንጀራ ግን ወለል ነው። ዕድሜውን በጉልበቱ ተንበርክኮ የፍራንክፈርትን ቤት ሲያነጥፍ የኖረ ሰው፣ የገዛ ቤቱ ጣውላ ያለ እሱ እጅ ዝም ሲል ዝም ብሎ ማለፍ ከየት ይምጣለት። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አበራና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጣቱን በጣውላው ላይ ሄድ መለስ ሲያደርግ ሁለት ትንንሽ የተደፈኑ ቀዳዳዎች አገኘ። ብሎኖቹ ጠልቀው ገብተዋል፣ በላያቸው የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተለውሶ ተሞልቷል፣ ብናኙም የአሮጌውን ጣውላ መልክ እንዲይዝ በወፍራም ሻይ ተነክሯል። ይኼኔ ደሙ ፈላ። ሻይ የሱ ዘዴ ነው። ሌላው ባለሙያ ከሱቅ የተገዛ ስቱኮ ለቅልቆ ይሄዳል፤ በሻይ የሚነክር ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ከራሱ በቀር አያውቅም። ያስተማረውም ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ አብረውት የሚሠሩትን ያቆብንና ሰገንን። እዚያው እንደተንበረከከ ፊቱ ላይ ድቅን ያለበት ግን ያቆብ ነው።

ሃይሚ ጸጉሯን እያበጠረች ከክፍሏ ወጣች፤ የምታልፍበት ስላጣች ጀርባውን ተሻግራ አለፈች።

«ትናንት ማታ ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?»

«ቫይስ ኒሽት» አለች፤ አላውቅም ማለቷ ነው። ስፖርት ውላ ያመሸች ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች። ለገሰሰ ግን አላውቅም ማለቷ ራሱ የሆነ ነገር መሰለው።

ቁርስ ላይ ተዋበች ሻይ ቀዳችለት። ጥቁር ብሎ ከመስታወቱ ብርጭቆ ውስጥ ሲያየው ገፋ አደረገው። ወጥ ቤቷ ጠባብ ናት፣ ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር ተለጥፏል፣ በመስኮቱ ያ ረጅሙ የቴሌ ማማ አናቱን ደመና ውስጥ ከቶ ቆሟል። የአውሮፓ ዋንጫ ሰሞን ነበርና ፊት ለፊት ያለው ፎቅ በየሰገነቱ ባንዲራ ሰቅሏል። ሁለቱም ባንዲራውን ያያሉ። «እንቅልፍ ወሰደህ?» አለችው። «ወሰደኝ» አላት። ዳቦውን ቆርሳ ሳትበላው አስቀመጠችና «የምትለኝ ነገር የለም?» አለች። «ስለ ምን?» አላት ፊቱን አጥቁሮ። «ምንም» አለች። ገሰሰ መሣሪያ መያዣውን አንግቶ ሲወጣ ጣውላውን ሆን ብሎ ረገጠው፤ ጣውላውም እንደ ሰዎቹ ዝም አለ።

ባቡር ውስጥ ነገሩን እንደ ማስቲካ ሲያላምጠው ሄደ። ሰው ጣውላን ለምን ዝም ያሰኛል? ሳይሰማ ለመግባት፣ ሳይሰማ ለመውጣት ካልሆነ ለምን? ተዋበች ጠግንልኝ ስትለው ነገ ነገ እያለ ዓመታት አልፈዋል፤ የሰው ቤት ወለል ሲጠግን ውሎ ሲገባ ጉልበቱ እሺ አይለውም፣ ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ፣ ለማንም ነግሮት የማያውቀው። ጎህ ሲቀድ አልጋው ላይ ሆኖ ያንን ሲጢጥታ ይጠብቃል። ሲሰማ ገባች ይላል፣ ዓይኑን መልሶ ይጨፍናል። ጣውላው ዘበኛው ነበር። ዘበኛውን አፉን የለጎመበት ሰው ደግሞ በገዛ ሻዩ ነው የለጎመው። ይሄ ነው እርር ያደረገው። ሚስቱን ቢቀማው አንድ ነገር ነው፣ ዘዴውን ይዞ ገብቶ ቢቀማው ግን ሁለት ነው።

ባለፈው እሁድ ያቆብ ቤታቸው ምሳ በልቶ ነበር። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቁመናው ያማረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ጫማውን አውልቆ ኮሪደሩን ሲያልፍ ጣውላው ሲጢጥ ሲልበት ቆም አለና «ጋሼ፣ ወለልህ ስሞታ እያቀረበ ነው እኮ» አለ። ተዋበችም ከወጥ ቤት ሆና «ስድስት ዓመት ሙሉ አቤት ብሎ ሰሚ ያጣ ነው» ብላ መለሰችለት። ተሳሳቁ። ገሰሰም ስቋል። አሁን ባቡሩ ውስጥ ሲያስበው የሷ ሳቅ ረዘም ያለ መሰለው። ዞር ብሎ ሲያስበው ደግሞ ይበልጥ ረዘመበት። ያቆብ ሚስቱ አዲስ አበባ ናት፤ ቋሚ ሥራና ቤት ካገኘ ሊያስመጣት ነው፣ ለዚህም ገሰሰ ራሱ ከቢሮ ቢሮ አብሮት ተንከራቷል። ለካ ሚስቱ ሩቅ ያለች ሰው ነው ቤቴ ያስገባሁት አለ በልቡ፣ እና ጥርሱን አፋጨ።

ሳክሰንሃውሰን ሰፈር የሚሠሩት አንድ የፖም ጠጅ ቤት ፎቅ ላይ ያለውን አዳራሽ ነው። ባለቤቱ ኳሱ ሳያልቅብኝ ይድረስልኝ ብሎ ያጣድፋቸዋል። ሰገን ቀድማ ገብታ ከግድግዳው ሥር ዞኮሎውን፣ የግርጌውን እንጨት፣ ትነቅላለች። ይቺ ልጅ ስትቀጠር ወራት ሙሉ ያስጠርጓት፣ ጣውላ ያሸክሟት ነበር። «ወይ እሷም እንደኛ ተንበርክካ ታንጥፍ፣ ወይ ሁላችንም ተራ ገብተን እንጥረግ» ብሎ ሼፍ በሚሉት አለቃቸው ፊት የቆመው ገሰሰ ነው። ይኸው አሁን ሰኞ ሰኞ ራሱ ገሰሰ ይጠርጋል። ሠራተኛው ቤትሪብስራት፣ ማለትም ተጠሪው አድርጎ የመረጠውም በዚህ ነው። ቤቱም እንደዚያው ነበር፤ ተዋበች ሌሊት በምትሠራበት ቀን ሽሮ የሚሠራው እሱ ነው፣ የልጁን ልብስ የሚተኩሰው እሱ ነው። ወዳጆቹ ሲቀልዱበት «ቤቴ የማላደርገውን ሥራ ቦታ እንዴት አወራለሁ» ይላቸው ነበር። ሰው ሁሉ ያከብረዋል፣ እሱም መከበሩን ይወዳታል።

ሼፉ ሄር ቢኬል ረፋዱ ላይ መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ገሰሰን ጠራው። የያቆብ ፈርትራግ፣ ጊዜያዊ የሥራ ውሉ፣ በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ፣ ከሰዓት በኋላ የቋሚነቱን ውል ሊያስፈርመው እንዳሰበ ነገረውና «እንደ ደንባችን ቃልህን ልስማ ብዬ ነው» አለው። ይህን ደንብ ያመጣው ገሰሰ ነው። ተጠሪው ሳይጠየቅ ማንም አይቀጠርም፣ ማንም አይባረርም ብሎ ተሟግቶ፣ ስንት ስብሰባ ተቀምጦ ያመጣው ደንብ ነው። ቢኬል መልሱን ስለሚያውቅ የመኪናውን ሞተር እንኳ አላጠፋም።

«ትንሽ እንቆይ» አለ ገሰሰ።

ቢኬል ሞተሩን አጠፋ። «ጥፋት አለበት?»

«እምነት የማይጣልበት ነገር አይቻለሁ።»

ቢኬል ግንባሩን አከከ። ያቆብ ጎበዝ እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ገሰሰ በሰው ላይ ክፉ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም። «አንተ ካልክ» አለና ሄደ። ገሰሰ የመኪናውን ጀርባ እያየ ቆመ። እውነቱን እንናገር ካልን ደስ አለው። ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ላላ አለለትና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

ደስታው ግን ጎኑ ያቆብ ሲንበረከክ አለቀች። ጎን ለጎን ሆነው ጣውላ ያጋጥማሉ። ገሰሰ በዓይኑ ሠረቅ እያደረገ እጁን ያየዋል፤ ያ እጅ ቤቱ ገብቶ፣ ተዋበች አጠገቡ ቆማ መብራት ስታበራለት፣ ሻዩን ስትቀዳለት ይታየዋል። «ትናንት ማታ የት አመሸህ?» አለው። ያቆብ ብሎን በከንፈሩ ይዞ «ኒድ ሰፈር ነዋ፣ ቤት፤ ልብስ ሳጥብ» አለ። «ብቻህን?» «ከኢስማዒል ጋር ነው የምኖረው፣ የት ብቻዬን እሆናለሁ። ምነው ጋሼ?» ያቆብ መዶሻውን አስቀምጦ ፈገግ እያለ «እትዬ ተዋበች ደህና ናት? እሁድ ያበላችን ነገር እስካሁን ከአፌ አልጠፋም» አለ። ገሰሰ ጣውላውን ከሚገባው በላይ መታው፤ ጫፉ ተሰነጠቀ። «እሷን ምን አገባህ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። ያቆብ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። የተሰነጠቀውን ጣውላ ከገሰሰ እጅ ወስዶ ወደ ጎን አደረገና ሌላ አቀበለው።

በፓውዘ፣ በምሳ ዕረፍት ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ የጠጅ ቤቱ አግዳሚዎች ላይ ተቀመጡ። ያቆብ ስልኩ ጮኾ ወደ ውጭ በር ወጣ። ሰገን የምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ እጇን በውሃ አለቅልቃ፣ እንዲሁ ጨዋታ ለመጀመር ያህል «ጋሼ፣ እትዬ ተዋበች ምን አለች? ጣውላው ዝም አለላት?» አለች።

ገሰሰ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «የቱ ጣውላ?»

«ኧረ አላየኸውም እንዴ? የኮሪደሩን ነዋ። ትናንት ማታ ስትደውልልኝ አመሸች፤ የብሎኑ ቁመት ስንት ይሁን፣ በየት በኩል ልብሳው እያለች። እኔ ልምጣ ብላት ‹የገዛ ቤቴን ወለል ሰው አይሠራልኝም› ብላ እምቢ አለችኝ። ብናኙን ቁም ሣጥኑ ሥር ካለው ጣውላ ፈቅፍቃ ነው ያመጣችው። ሻዩን እንኳ እኔ ረስቼው እሷ ናት ያስታወሰችኝ። ‹ገሰሰ ሁልጊዜ ሻይ ነው የሚያደርግበት፣ ማዕድ ላይ ስንቴ ነግሮናል› አለችኝ።» ሰገን ሳቀች። «ሌሊት ሠርታ ስትገባ ያ ጣውላ ይቀሰቅስሃል አሉ። ጉልበቱን ስለሚያመው ያቺን የቀረችውን እንቅልፍ ይተኛባት ብላ ነው። ትናንት ጮክ ብላ ስትስቅ ነበር፤ ነገ ሲረግጠው ፊቱን ማየት አለብኝ ስትል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሴት ልጅ ወለል ማንጠፍ ትችላለች ብሎ በየስብሰባው ድምፁ እስኪዘጋ የተከራከረ ሰው፣ ጠዋት ጣቱን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ወንድ ሲፈልግ ዋለ። ዘዴውን ካስተማራቸው ሁለት ሰዎች አንዷ እፊቱ ተቀምጣ እንጀራ እየቆረሰች ነው፤ እሷን እንኳ ለአፍታ አላሰባትም። ሚስቱንማ ጭራሽ። ያ ከወጥ ቤቱ በር እግሩን ያይ የነበረው ዓይን ምን ይጠብቅ እንደነበር አሁን ገባው። ከንፈሯን የነከሰችው ሳቋ እንዳያመልጣት ነው። የምትለኝ ነገር የለም ያለችው አንድ ቃል ፈልጋ ነው። የምሳ ዕቃውን ከደነ።

ያቆብ ተመለሰ። ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አልተቀመጠም።

«ሼፉ ነው» አለ። «ፈርትራጌን አላድስም አለኝ። ተጠሪያችሁ አልደገፈህም አለኝ። ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ሰገን ቀና ብላ ገሰሰን አየችው። ገሰሰ ሊዋሽ የሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ በዓይኑ ላይ አለፉ። ሼፉ ተሳስቷል ሊል ይችል ነበር። አስተካክላለሁ ብቻ ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፣ ያቆብም እጁን ስሞ ያመሰግነው ነበር። ያን ምስጋና ሲያስበው ዘገነነው።

«ምንም አላጠፋህም» አለ። «ትናንት እኔ በሌለሁበት ቤቴ የገባህ መስሎኝ ነው። ጣውላው ተጠግኖ አገኘሁት፣ የጠገንከው አንተ መሰልከኝ። ቅናት ነው። ሌላ ምንም የለም።»

ያቆብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «በጣውላ ምክንያት» አለ። «ሚስቴን ልታስቀርብኝ ነበር በጣውላ ምክንያት።»

ገሰሰ እዚያው፣ ሁለቱ እየሰሙት፣ ለቢኬል ደወለ። በጀርመንኛ፣ ቃል ሳያሳምር፣ ዋሽቻለሁ አለው። ሰውየው ታማኝ ነው፣ በሚስቴ ቀንቼ ነው ስሙን ያጠፋሁት፣ ውሉን አስፈርመው አለው። ከዚያ ቢኬል ውሉን ዛሬውኑ ይዞ እንደሚመጣ ነገረውና አንድ ነገር ጨመረ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ያንተን ቃል ብቻ አልቀበልም። ሰገንንም እጠይቃለሁ።» ገሰሰ «ልክ ነህ» አለ። ልክ መሆኑን ማወቁ ግን ማቃጠሉን አላስቀረለትም። ያቺ ከመጥረጊያ ያስነሣት ልጅ ነገ የሱን ቃል ስትመዝን ታየውና፣ ይኼ የተረገመ ቅናት እንደገና ከሌላ በኩል ጠቅ አደረገው። በራሱ ተገረመ።

ከሰዓት በኋላ ያቆብ ፈረመ፤ ሰገን አጨበጨበችለት። ከዚያ እንደገና ተንበረከኩ፣ እንደገና ጎን ለጎን። ሥራው አይጠብቅም። ገሰሰ እጁን ዘርግቶ «እስቲ ያንን አጭሩን ጣውላ አቀብለኝ» አለ።

«እሺ ሄር ገሰሰ» አለ ያቆብ፣ አቀበለውም። ጋሼ አላለውም፤ ሄር፣ አቶ አለው። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ስድብም አልነበረበትም። ገሰሰ ጣውላውን ተቀበለና ቦታው ላይ አስገባው።

ቤቱ ሲደርስ አመሻሹ ላይ ነው። ሃይሚ በሯን ዘግታ ሙዚቃ ትሰማለች። ተዋበች ለሌሊት ሥራዋ እየተሰናዳች፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የሱፍ ጃኬቷን ቁልፍ ትቆልፋለች። ምድጃው ላይ ሽሮው ተሠርቶ ተከድኗል፤ ተራው የሱ ነበር። ገሰሰ ኮሪደሩ ላይ ቆም አለና ጣውላውን ረገጠው፤ እሷም ዝምታውን ሰማች፣ ቀና ግን አላለችም።

«ጥሩ ሥራ ነው» አላት። «ብሎኑን አሳምረሽ ነው ያገባሽው። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አልሠራውም።»

«ማን ነገረህ?»

«ሰገን።»

ቁልፉን ቆለፈች። «ከዚያ በፊትስ? ጠዋት ተንበርክከህ ስትዳብሰው ነበር። ማን የሠራው መሰለህ?»

ለዚህም ውሸት ነበረው፣ ሞልቶ ነበረው። እኔ እንጃ ማለት ይበቃ ነበር። «ያቆብ» አለ። «ያቆብ መስሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ። ሥራውን እንዲያጣ ተናግሬበት ነበር፣ በኋላ መለስኩት። ግን ተናግሬበት ነበር።»

ተዋበች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ላይ ሰው ሁሉ ለኳሱ ቴሌቪዥኑን ከፍቷል፣ ሰማያዊው ብርሃን በየመስኮቱ ይርገበገባል። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችው፤ አውራ ጣቷ ላይ ካቻቢቴ የቦጨቀው ቁስል አለ። ገሰሰ ከጠዋት ጀምሮ አላየውም ነበር።

«ማታ እስክትገባ ሳልተኛ ጠበቅኩህ» አለች። «ስልክ እያወራህ ገባህ። ጠዋትም ጠበቅኩህ። እንደ ልጅ እዚያ በር ላይ ቆሜ።»

«አይቼሻለሁ።»

«አይተኸኝ ነው ይህን ያሰብከው።»

ገሰሰ ወደ እጇ እጁን ሰደደ። አልሸሸችም፣ ግን አልያዘችውም። «ተዋቡ፣ እጅሽ ወርቅ ነው» አላት፣ ከልቡ።

«ጠዋት ብትለኝ ኖሮ» አለች።

ተነሣች፣ ቦርሳዋን ከወንበሩ ጀርባ አነሣች፣ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ ለልጅቷ አቅርብላት አለችውና ወጣች። ገሰሰ ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጠ ጆሮውን ወደ ኮሪደሩ አቀና። ቆም ትል ይሆን፣ ትመለስ ይሆን ብሎ እርምጃዋን ጠበቀ። ምንም አልሰማም። መሄዷን ያወቀው በሩ ሲዘጋ ነው።